ደም የታያት ነፍሰ ጡር ሰባት ቀን ተኝታ አትጠብቅ

«በእርግዝናሽ መጀመሪያ ደም ካየሽ አትደንግጪ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ከአምስት ሰው ተላከልኝ። አንዷ ጎረቤቴ ናት። አንዷ የባለቤቴ እህት። ሦስቱ እኔ ጋ ክትትል የሚያደርጉ ነፍሰ ጡሮች ናቸው። ከሦስቱ አንዷ «ሲስተር፣ እንደዚህ ነው የማደርገው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ምላሽ የምጽፈው በተለይ ለእሷ ነው።

ሥራዬ አዋላጅ ነርስ ነው። የምሠራውም የምኖረውም ከአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት ሰፈር። ጸሐፊዋን አላውቃቸውም። ጽሑፉን በቅን ልብ እንደጻፉት ግን ያስታውቃል። ሁለት ጊዜ አርግዘው ሁለቴም ደም ታይቷቸዋል፣ ሁለቴም ተኝተው ጤነኛ ልጆች ወልደዋል። እንኳን ማርያም ማረችዎ እላቸዋለሁ። ያላስማማን፣ ለእሳቸው የሆነውን ለሁሉም ሴት መመሪያ ማድረጋቸው ነው።

የሚሉት ስድስት ነገር ነው። ደሙ ቡናማ ከሆነ ምንም አይደለም፣ ደማቅ ቀይ ከሆነ ግን ፅንሱ አልቆለታል። ቡናማ ያየች ሴት እግሯን በትራስ ከፍ አድርጋ ሰባት ቀን ትተኛ። ደሙን የሚያመጣው ጀሪካን መሸከም፣ ባጃጅ ላይ መንገጫገጭና ንዴት ነው። ሐኪም ቤት መሄድ ትርፉ ድካም ነው፤ የሚያስቆም መድኃኒት የላቸውም፣ በውስጥ የሚደረገው አልትራሳውንድ ደግሞ ያባብሰዋል። ከዚያ ይልቅ ከፋርማሲ ፅንስ የሚያፀና መርፌ ገዝቶ መወጋት ይሻላል። በመጨረሻም፣ አራተኛው ወር እስኪገባ ለማንም አትናገሪ።

ከቀለሙ ልጀምር። ሴት ልጅ ሕይወቷን ልታጣ የምትችለው በዚህኛው ምክር ነው።

በከፊል ልክ ናቸው። ቡናማ ደም ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ የወጣ፣ የቆየ ደም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከአራት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ገደማ ደም ይታያታል። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እርግዝናቸው ይቀጥላል። ስለዚህ «አትደንግጪ» የሚለውን እኔም እደግመዋለሁ።

ግን ከሁሉም አደገኛው እርግዝና ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ያንኑ ጥቂት ቡናማ ነው። ከማህፀን ውጭ የሆነውን ማለቴ ነው። ከመቶ እርግዝና አንዱ ወይም ሁለቱ ማህፀን ሳይደርስ ይቀራል፤ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላልን ወደ ማህፀን በሚያደርሰው ቱቦ ውስጥ። ቱቦው እንደ ማህፀን አይለጠጥም። ስድስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ስምንተኛው ሳምንት ላይ ይወጠራል፤ ሊፈነዳም ይችላል። ሲፈነዳ ደሙ የሚፈሰው ወደ ሆድ ውስጥ ነው። ሞዴሷ ላይ ጠብታ ብቻ እያየች፣ ውስጧ ከአንድ ሊትር በላይ ሊፈስ ይችላል።

አንዲት ሴት አለች። ታሪኳን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን አልጠራም። የወር አበባዋ ከቀረ ሁለት ሳምንት ሲሆነው ቡናማ ነገር ነካ ነካ አደረጋት። አክስቷ «ተኚ» አሏት። ተኛች። በሦስተኛው ቀን ከሆዷ በታች በአንድ ጎን ይወጋት ጀመር። በአምስተኛው ቀን ትከሻዋን አመማት። ትከሻን ከእርግዝና ጋር ማን ያገናኘዋል? አተኛኘቴ ነው ብላ ትራሷን ቀየረች። ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ሳንባንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ሲነካ ሕመሙ የሚሰማው ትከሻ ጫፍ ላይ እንደሆነ የነገራት ሰው የለም። በስድስተኛው ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሽንት ቤቱ በር ላይ ወደቀች። ጎረቤቶቿ በብርድ ልብስ ይዘው ከአራተኛ ፎቅ አወረዷት። እኛ ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለም። ሆስፒታል እንደደረሰች ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቧት። ደም ተሰጣት፣ አንድ ቱቦዋ ወጣ፣ ተረፈች። በቀረው ቱቦ ዓምና ሴት ልጅ ወልዳለች።

ጽሑፉ ያን ጊዜ ቢደርሳት ኖሮ ምን ይላት እንደነበር አስቡት። «ቡናማ ነው፣ ገና አንድ ቀን ይቀርሻል» ነበር የሚላት።

ቀዩም ቢሆን እንደተባለው አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ከፅንሱ ከረጢትና ከማህፀን ግድግዳ መሃል ደም ይቋጠርና ድንገት ይፈስሳል። ደማቅ ቀይ ነው፣ የረጋም ይኖረዋል። አልትራሳውንድ ሲታይ ግን ልቡ ይመታል። ደም ታይቷት፣ ከዚያ የፅንሱ ልብ ሲመታ የተገኘላት ሴት፣ ከአሥር ዘጠኝ ገደማ እርግዝናዋ ይቀጥላል። የኔ የመጀመሪያ ልጅ እንደዚያ ነው የመጣው። ስምንተኛ ሳምንቴ ላይ ሥራ ቦታ ቆሜ ቀይ ደም ወረደኝ፤ ጫማዬ ድረስ። አሁን ሦስተኛ ክፍል ነው። «ቀይ ከሆነ አልቋል» ብላ ክትትሏን የምታቆም፣ ያገኘችውን መድኃኒት ሁሉ የምትውጥ ሴት ካለች፣ እባክሽ መጀመሪያ ታዪ።

ሰባት ቀን መተኛት። ይህን እናቶቻችንም ይሉት ነበር፣ ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን ያዙት ነበር። በኋላ የተኙትንና ያልተኙትን ያነጻጸሩ ጥናቶች ተደረጉ። መተኛት ፅንስን እንደሚያቆይ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ለነገሩ ማህፀን አፉ ወደ ታች የተከፈተ ከረጢት አይደለም፤ እግር ከፍ ስላለ የሚቀር፣ ዝቅ ስላለ የሚወድቅ ነገር የለም። ጸሐፊዋ ተኝተው ሁለት ልጅ ወልደዋል። ደም ከታያቸው ሴቶች ብዙዎቹ ተኙም አልተኙም ስለሚወልዱ፣ ልጆቹን ያቆየው መተኛቱ ነው ማለት አይቻልም።

«ብትተኛስ ምን ትጎዳለች?» የሚል ይኖራል። ነፍሰ ጡር ደሟ ቶሎ የሚረጋ ነው፤ ብዙ ቀን ሳይንቀሳቀሱ መተኛት እግር ላይ የደም መርጋት ሊያመጣ ይችላል። ሌላው ጉዳት የኑሮ ነው። እኛ ሰፈር ጉሊት የምትቸረችር አለች፣ የቀን ሥራ የምትሠራ አለች፣ በጠዋት ሃይገር ተሳፍራ መሃል ከተማ የምትሄድ አለች። ሰባት ቀን ስትተኛ ገቢዋ ይቀራል። በስምንተኛው ቀን ቢወርድባት ደግሞ «ስድስተኛው ቀን ላይ ተነስቼ ሽሮ ስለሠራሁ ነው» ትላለች። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ድካም ከተሰማሽ እረፊ። ውሃውን ባልሽ ያምጣ፣ ደም ቢታይሽም ባይታይሽም። ደሙ እስኪቆም ከግንኙነት ተቆጠቡ የሚሉትንም እኔ እመክራለሁ። ሞዴስ አድርጊና በቀን ስንት እንደቀየርሽ ቁጠሪ፤ ስትመጪ መጀመሪያ የምንጠይቅሽ እሱን ነው።

ወደ ጀሪካኑ ልመለስ። በአማርኛ «አስወረደች» እና «አስወረዳት» ሁለት የተለያየ ነገር ናቸው። በመጀመሪያው አድራጊዋ እሷ ናት፤ በሁለተኛው የደረሰባት እሷ ናት። ሰው ሲያወራ ግን ይቀላቀላሉ። ካርድ ላይ እንኳን ለሁለቱም አንድ ቃል ነው የምንጽፈው። ጸሐፊዋ «ጀሪካን ተሸክማ፣ ባጃጅ ተሳፍራ፣ ተናዳ» ሲሉ፣ ሳያስቡት አስወረዳት የሚለውን ወደ አስወረደች እየለወጡት ነው።

ከታወቁ እርግዝናዎች ከመቶ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት በራሳቸው ይወርዳሉ፤ አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት። ግማሽ ያህሉ ምክንያታቸው የክሮሞዞም፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ ዘርን የሚያሻግረው ነገር፣ ችግር ነው። ከእናት 23፣ ከአባት 23 መምጣት ሲገባው አንድ ይጨምራል ወይም ይጎድላል። እንዲህ ያለው ፅንስ አብዛኛውን ጊዜ ማደግ አይችልም። ይህ የሚሆነው በተፀነሰበት ሰሞን ነው፤ ጀሪካኑ ከመነሳቱ ከሳምንታት በፊት። ሸክም ፅንስ የሚያወርድ ቢሆን ኖሮ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ልጅ አይኖራቸውም ነበር። ቱሉ ዲምቱ ዙሪያ በሚሠሩት ፎቆች ላይ ሲሚንቶና አሸዋ እየተሸከሙ እስከ ሰባተኛ ወር የሠሩ ሴቶችን እኔ ራሴ አዋልጃለሁ። ይህን የምለው ሸክሙ ጥሩ ነው ለማለት አይደለም። ወገብ ይጎዳል፣ ያደክማል፣ ሊቀርላቸው ይገባል። ሆድ ላይ የሚያርፍ ምት፣ እንደ ወባ ያለ ከባድ ትኩሳት፣ ያልታከመ ስኳር ግን በእርግጥ ፅንስን ይጎዳሉ። ጽሑፉ እነዚህን አልነካቸውም።

ከልጄ በኋላ ያረገዝኩት በአሥረኛው ሳምንት ወረደብኝ። ያን ሳምንት ውሃ ጠፍቶ ሁለት ጀሪካን ወደ አራተኛ ፎቅ አውጥቼ ነበር። አዋላጅ ሆኜ፣ ክሮሞዞም ምን እንደሆነ ተምሬ፣ ለወራት የማስበው ያን ጀሪካን ነበር። ቢጫ ነው፣ እጀታው የተሰነጠቀ። አንድም ሰው «አንቺ አይደለሽም» አላለኝም። እኔም ለራሴ ማለት አቃተኝ። ይህን ነጥብ ከጽሑፉ ቢያወጡት በጣም ደስ ይለኛል።

ሐኪም ቤትን በተመለከተ ጸሐፊዋ ካሉት ግማሹ እውነት ነው፤ መካድም አልፈልግም። ሊወርድ የጀመረን ፅንስ በአብዛኛው ማስቆም አንችልም። ሰልፉ ረጅም ነው። ደም እየፈሰሳት ካርድ ክፍል በር ላይ ሁለት ሰዓት የቆመች ሴት አይቻለሁ፤ «ገና ትንሽ እርግዝና ነው፣ ምን ያስቸኩልሻል» የተባለችም አለች። ይህ የኛ የባለሙያዎቹ ጥፋት ነው።

ግን የምትመጪው ደሙን እንድናስቆምልሽ ብቻ አይደለም። እርግዝናው የት እንደተቀመጠ ለማወቅ ነው። ምን ያህል ደም እንዳነሰሽ፣ ኢንፌክሽን እንዳለሽ፣ ማህፀን ውስጥ የቀረ ነገር ካለ ለማወቅ ነው። የደም ዓይነትሽንም ለማወቅ ነው። ሰፈራችን ልጅ በተደጋጋሚ የሚሞትባትን ሴት «ሾተላይ አለባት» ይላል። ሐኪሞቻችንም ቃሉን ወስደው የእናት ደም ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን ለሚመጣው ችግር ይጠቀሙበታል። ይህኛው ሾተላይ መከላከያ መርፌ አለው። ከ12 ሳምንት በፊት ለሚታይ ደም መርፌው ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም በሚለው ላይ መመሪያዎች ይለያያሉ። ቢሆንም ኔጌቲቭ መሆንሽን ካወቅሽ ለምታይሽ ባለሙያ ሳትጠየቂ ተናገሪ።

በውስጥ የሚደረገው አልትራሳውንድ ፅንስ አያወርድም። መሣሪያው ማህፀን ውስጥ አይገባም፤ የማህፀን በርን ሳያልፍ ብልት ውስጥ ይቆማል። የሚልከው ድምፅ ነው፣ ጨረር አይደለም። ደም እየፈሰሰሽም ማድረግ ይቻላል። ታይታ ወጥታ በማግስቱ የወረደባት ሴት «እሱ ነው ያወረደብኝ» ብትል አልፈርድባትም፤ ግን የመጣችው ደም ስለታያት ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ ያላነሱትን አንድ ነገር ልጨምር፤ ከእሳቸው ጎን ቆሜ። የልብ ምት የሚታየው ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ነው። ቀኗን በትክክል የማታውቅ ሴት በአምስተኛ ሳምንቷ ትመጣና «ምንም አይታይም፣ ነገ ትጠረጊያለሽ» ትባላለች። እንዲህ ስትባዪ «ልኩ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የፅንሱ ርዝመት 7 ሚሊ ሜትር ደርሶ ልቡ ካልመታ፣ ወይም ከረጢቱ 25 ሚሊ ሜትር ደርሶ ፅንስ ከሌለው ነው እርግዝናው አይቀጥልም የሚባለው። ከዚያ በታች ከሆነና አንቺ ደህና ከሆንሽ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገማል። ከረጢቱ ጨርሶ ማህፀን ውስጥ ካልታየ ግን ቶሎ መመለስ አለብሽ፤ የእርግዝናው ሆርሞን ከ48 ሰዓት በኋላ እንደገና በደም ይለካል። በእርግጥ መውረዱ ከታወቀም መጠረግ ብቸኛው መንገድ አይደለም። በራሱ እስኪወጣ መጠበቅም፣ በኪኒን ማስወጣትም አለ። መምረጥ መብትሽ ነው።

ስለ መርፌው አጭር ልሁን። አራተኛውና አምስተኛው ነጥባቸው እርስ በርስ ይጣላሉ። ሐኪም ቤት ማስቆሚያ መድኃኒት ከሌለው ፋርማሲው ከየት አመጣው? እርግዝናን የሚደግፈውን ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮንን ማለታቸው ይመስለኛል፤ እሱም ቦታ አለው። በ2019 ውጤቱ በወጣ የእንግሊዝ ጥናት ደም የታያቸው ከ4,000 በላይ ነፍሰ ጡሮች ተሳትፈዋል። በጠቅላላው ግልጽ ልዩነት አልታየም። ከዚህ በፊት በተደጋጋሚ የወረደባቸው ላይ ግን የጠቀመ ይመስላል። የተሰጠውም በመርፌ ሳይሆን በብልት በኩል በሚቀመጥ መድኃኒት ነው። ቀድሞ ወርዶብሽ የሚያውቅ ከሆነ ሐኪምሽን ስለ እሱ ጠይቂ። እርግዝናው ማህፀን ውስጥ መሆኑ ሳይታይ መወጋት ግን ቱቦ ውስጥ ላለው ምንም አይፈይድም፤ «መርፌ ወስጃለሁ» ብለሽ እንድትዘናጊ ብቻ ያደርግሻል። ለቁርጠቱም ፓራሲታሞል ይበቃል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን ተዪ።

የቀረው ዝምታው ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። ዓይን እንዳይበላት የምትፈራ አለች፤ ቢወርድ ደግሞ እየዞሩ ማስረዳቱ ያደክማል። ለመንደሩ ሁሉ ተናገሪ አልልም። ለአንድ ሰው ግን ተናገሪ። ባልሽ አዳማ ወይም ሐዋሳ የሚሠራ ከሆነ ለጎረቤትሽ። ከላይ ያነሳኋት ሴት በሯን ከውስጥ ቆልፋ ነበር፤ ሰብረው ነው የገቡት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939። ለዚያች ለምትነግሪያት ሰው ቁጥሮቹንም አብረሽ ስጫት። ከእኛ ጤና ጣቢያ በላይ የሆነውን ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ወይም ወደ ጋንዲ ሆስፒታል ሪፈር እንጽፋለን፤ ማታ ባጃጅ ሲጠፋ ያ መንገድ ሩቅ ነው። ስለዚህ ቀን ላይ ያየሽውን እስኪመሽ አታቆዪው።

ሌሊትም ቢሆን የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። በሰዓት ሁለት ሞዴስ ሞልቶ ለሁለት ሰዓት ከቀጠለ። በአንድ ጎን ጠንካራ ሕመም፣ የትከሻ ሕመም፣ ራስ ማዞር ወይም መውደቅ ካለ፣ ደሙ ጠብታም ቢሆን። ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ካለ። ስትደርሺ ሰልፍ አትያዢ። ጮክ ብለሽ «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ደም እየፈሰሰኝ ነው» በይ።

ዝምታው ሌላም ነገር ይወስዳል። ለወረደ ፅንስ ለቅሶ አይደረስም። ድንኳን የለም፣ «ነፍስ ይማር» የሚል የለም። «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» ተብላ ሰኞ ሥራ ትገባለች። ማንም ማርገዟን ካላወቀ ማንም ምን እንዳጣች አያውቅም። እኔ ሲወርድብኝ የታችኛው ፎቅ እማማ አጥሚት ይዘው መጥተው ምንም ሳይናገሩ አጠገቤ ተቀመጡ። ያወቁት ቀድሜ ስለነገርኳቸው ነው።

ጸሐፊዋ ይህን የሚያነቡ ከሆነ አንድ ልመና አለኝ። ጽሑፉ ብዙ ሰው ጋ ደርሷል፤ ርዕሱም ጥሩ ነው፤ ይቆይ። ከጀሪካኑ ሌላ ሁለት ቦታ ያርሙልኝ። «ሰባት ቀን ትተኛ» የሚለውን «በዚያው ቀን ትታይ» ያድርጉት። ቀለም የሚለውን አንቀጽ አውጥተው በምትኩ የትከሻውን ሕመም ይጻፉበት።